ባጃጅ ውስጥ ያገኘኋት ሴት

ፊቴ ላይ ሮዛሺያ የሚሉት የቆዳ ሕመም አለብኝ፤ ሙቀት ሲነካኝ ወይም የሚያቃጥል ነገር ስበላ ጉንጮቼ ፍም ይመስላሉ። ሐረር ላይ እስከ ዓይኔ ተሸፋፍኜ ነው የምወጣው። አንድ ቀን ወደ ጀጎል ስሄድ ባጃጇ ውስጥ ታፈንኩና ሻሼን አወረድኩ። ነፋሱ ፊቴን ሲዳስሰው ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ውሃ ላይ የምንሳፈፍ መሰለኝ። ስገልጥ፣ አጠገቤ የተቀመጠች የተሸፈነች ሴት ትክ ብላ ታየኛለች። «ምን ነካሽ?» ልትለኝ ነው ብዬ ተሸማቀቅኩ። እሷ ግን ቀስ ብላ የራሷን ሻሽ ዝቅ አደረገች። ጉንጮቿ እንደኔው ቀልተዋል።

«አንቺንም ሐኪሙ ሚጥሚጣ ከለከለሽ?» አለችኝ። ሳቅን።

ልትወርድ ስትል፣ «ወላሂ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ሳይሽ ታምሪ ነበር» አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የእኔም ፊት እንዲሁ አምሮ ነው የሚታየው?»

«አዎ፣ እንዲሁ ነው» አልኳት። ለራሴ ብዬው የማላውቀውን ለእሷ ስናገረው እኔም አመንኩት።