የማንጎው ጥላና ከጀዊ የሚመጣው ድንኳን

እሙዬ፣ ወንበርሽን ወደዚህ ሳብ አድርጊው፤ ጥላው ትቶሽ ሄዷል። እንደ እኔ ሁኚ፤ ከማንጎው ጋር እየዞርኩ ነው የዋልኩት። ጠዋት በሩ ጋ ነበርኩ፣ ይኸው አሁን ኩሽናው ግድግዳ ላይ ደርሻለሁ። የዘንድሮ መጋቢት ግን ምን ነካው? … ውሃስ ጠጥተሻል? ባልዲው ውስጥ አለ። በረዶው ቀለጠ እንጂ ንጹሕ ነው።

የትናንቱ ቀብር ግን አማረ፣ አይደል? ጋሽ ደሞዝ ሰው ነበረው። ያስተማራቸው ልጆች ሁሉ መጡ፤ ከአኝዋኩም፣ ከኑዌሩም፣ ከእኛም ያልመጣ የለም። ባለቤቱን አየሻት? ከጠዋት ጀምሮ ከዚያች ፍራሽ አልተነሳችም። ጥላው ሲሄድ እኛ ወንበራችንን ይዘን ተከተልነው። እሷ ሐዘንተኛ ናት፣ ፍራሽ ተሸክማ ትዙር? ፀሐይ ላይ ቀረች። ጎረቤታችን ማቻር ነው ጃንጥላ ይዞላት የቆመው፤ አንዱ እጁ ሲዝል በሌላው ይቀይራል።

ድንኳን? … ኧረ ድንኳንማ አለን! ማነው የለንም ያለው? የእድራችን ድንኳን መንገድ ላይ ነው። ጾም ከመያዙ በፊት ጀምሮ መንገድ ላይ ነው። የሚመጣው ደግሞ ከጀዊ የስደተኞች ካምፕ ነው። ሰው ጠዋት ሄዶ ለምሳ ይመለሳል፤ ለድንኳን ግን ሩቅ ነው መሰለኝ።

አደራሽን፣ እኔ ስም አልጠራሁም። እታገኝ ልቅሶ ቤት ተቀምጣ የሰው ስም አነሳች እንዳይባል። ድምፄ ከፍ ካለም ይቅርታ፤ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ውዬ ውዬ ጮክ ማለት ለምዶብኛል። ደግሞስ ቢሰማ ምን አለበት? የማወራው ስለ ደግ ሰው ነው።

የእድር ሊቀመንበርነት እኮ ሸክም ነው፣ እሙዬ። ያንን ሸክም እንዲህ ለብቻው የተሸከመ ሰው እኔ አላየሁም … ለብቻው! አንድ ሰው እንኳ ሳያማክር። አንቺ የእድሩ ገንዘብ ያዥ ሆነሽ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ብቻ ነው ያለሽ። እንዳትጨነቂ ብሎ ነዋ! እንዲህ የሚያስብልሽ ወንድም አለሽ?

ቴሌግራም ላይ ነው አሉ ያየው፤ «ከእርዳታ ድርጅት የወጡ ዕቃዎች ጨረታ» የሚል። ነጭ ድንኳን፣ ከነብረቱ፣ ከነገመዱ። ከኋላው የካምፑ አጥር ይታያል። «ይሄን አጥር አውቀዋለሁ» አለ። አጥሩን ካወቀ ምን ቀረ? ድንኳን እንደሆነ ከአጥሩ ጋር ነው የሚሸጠው …

ለምን ሄዶ አላየውም ትዪኝ ይሆናል። አትፍረጂ። ቢሄድ ሰው ያየዋላ! ሰው ካየው ወሬው የአየር ማረፊያ መንገድ እድር ይደርሳል፣ ሊቀመንበራቸው ያዕቆብ ይሰማል፣ ያዕቆብ ከሰማ ዋጋ ይጨምርበታል። እነሱ ትልልቆቹን ድስቶች ቀድመውን ከገዙ ወዲህ የሁለቱ ነገር እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ዝም አለ። ሚስቱ እንኳ አልሰማችም። ማቻርም አልሰማም። ማቻር ጀዊ ውስጥ በእርዳታ ድርጅቱ ሎጂስቲክስ ላይ ነው የሚሠራው፤ በየወሩ ስብሰባ አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ቆሎ ከአንድ እፍኝ ይበላሉ። «ማቻር፣ እናንተ ድንኳን ትሸጣላችሁ ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ አፍ መክፈት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። አልከፈተም። ምስጢር ጠባቂ ማለት እንዲህ ነው!

እኔማ አፌ አያርፍም፣ ማቻርን ጠየቅኩት። ድርጅቱ ዕቃ ሲያወጣ ማስታወቂያ በር ላይ ይለጥፋል አለኝ። ዕቃው የሚታይበት ቀን አለው፤ ዕቃውን በእጅሽ ነክተሽ፣ ገልብጠሽ ታያለሽ። ከዚያ ዋጋሽን በፖስታ አሽገሽ ታስገቢያለሽ። ክፍያውም ለድርጅቱ እንጂ ለግለሰብ አይገባም። … እንዲህ ያለ ነገር ግን ለእኔ ቢጤ ነው። ትልቅ ሰው ፖስታ ሲያሽግ ይውላል?

ጨረታውንስ እንዴት እንደተዋጋ ሰምተሻል? እሱ ሲጨምር አንድ ሰው ይጨምራል። እንደገና ሲጨምር ያም እንደገና። «ያዕቆብ ነው!» አለ፤ በቃ፣ ደሙ ፈላ። ለእኛ ክብር ብሎ እኮ ነው። ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው የመጨረሻውን ዋጋ ጣለና አሸነፈ። ጥር ሚካኤል ላይ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያዕቆብን ሲያገኘው እንዴት ፈገግ እንዳለበት አላየሽም? ምስኪን ያዕቆብ ሰላምታ መስሎት እጁን ጨበጠው። ያዕቆብ እኮ ስልኩ ባለ ቁልፍ ነው፤ ቴሌግራም የሚባለው ነገር የሚበላ ይሁን የሚጠጣ አያውቅም።

እና ታዲያ ማን ነበር የሚጨምርበት? … እኔ ምን አውቄ። ሻጩ ራሱ ይሆን? እንዲህ ያለ ክፉ ሐሳብ የሚመጣው እንደ እኔ ልቡ ለጠቆረ ነው። እሱ ልቡ ንጹሕ ነው። ሻጩ «ከዚህ ወጥተን በስልክ እንነጋገር ጋሼ» አለው፣ ወጣ። «የድርጅቱ ሒሳብ እየተስተካከለ ነው፣ ለጊዜው በእኔ ስም ያስገቡልኝ ጋሼ» አለው፣ አስገባ። ጋሼ ብሎ የጠራን ልጅ መጠርጠር ነውር አይደል?

ደግነቱ ደግሞ እዚህ ላይ አያበቃም። አሮጌውን ድንኳናችንን ለእነ ያዕቆብ እድር በስጦታ ሰጣቸው። አሸንፏቸዋላ፣ አዘነላቸው! ዛሬ እነሱም ልቅሶ አለባቸው፤ ስመጣ በዚያ በኩል አለፍኩ። ቀዳዳ ቢጤ አለው እንጂ ጥላው እንዴት ይመቻል! ሐዘንተኞቹ ሁሉ ከሥሩ ተቀምጠዋል። ጎበዝ ሊቀመንበር የሰው እድርም ይጠቅማል።

መስቀል ሰሞን ስብሰባ ላይ ስለ ስልክ አጭበርባሪዎች ያስተማረን ትዝ ይልሻል? እንዴት አድርጎ ነበር የተነተነው! «ዕቃውን በዓይናችሁ ሳታዩ ሳንቲም እንዳትልኩ። ቶሎ በሉ የሚላችሁን ሰው ፍሩ» አለን። አጨበጨብን። እኔ እስከ ዛሬ በዚያ ምክር ነው የምኖረው። እሱ ግን ለእኛ አድሎ አድሎ ጨረሰው መሰለኝ፣ ለራሱ አላስቀረም። ሲሰጥ እንዲህ ነው፣ ሳይሰስት።

ዛሬ ጠዋት አንቺን ጥግ ይዞ ሲያነጋግርሽ አየሁ። ልሰማ ብዬ አይደለም፣ ውሃ እየቀዳሁ ነው። ድንኳኑ መጋዘን በር ላይ ደርሷል አሉ፤ የማስወጫ ክፍያ ብቻ ነው የቀረው፤ ቢሮ ሳይዘጋ ካልተላከ ለሁለተኛው ተጫራች ያልፋል። ሁለተኛው ተጫራች … ያዕቆብ መሆኑ ነው እንግዲህ፣ በዚያ ባለ ቁልፍ ስልኩ።

አንቺ ጋ የቀረው ገንዘብ ደግሞ የምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ነገ ሠልስት ላይ ለእሷ የሚሰጠው ነው፤ ለዚያች ፍራሽ ላይ ላለችው። የመምህር ጡረታ እስኪከበርላት ልጆቿን ይዛ የምትቀመጥበት ሌላ ነገር የላትም። እሙዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ይሄን ስሰማ አንጀቴ አረረ። ባልዲውን ጥዬ ልጮህ ነበር። … ተይው፣ አሁን በረደልኝ።

አትላኪ አልልሽም። እኔ ማን ነኝና? ግን እንዲህ ብትዪውስ፤ «ከማቻር ጋር ጀዊ ሂዱና ድንኳኑን በእጃችሁ ነክታችሁ ኑ፣ ያኔ እልካለሁ»። ማቻርም እሺ ይላል፣ ጃንጥላውን እኔ እይዝለታለሁ። ድንኳኑ በር ላይ ከደረሰ መንካት ምን ይከብዳል?

ስልክሽ ጮኸ። … እሱ ነው? ከዚያ ጥግ ሆኖ? ተነስቶ መጥቶ ሊነግርሽ ሲችል? ሰው እንዳያይ አስቦ ነው፣ ጨዋ አይደል። ምን ይላል? «ቶሎ በይ»? … እንዴ፣ መስቀል ላይ ፍሩት ያለን ሰውዬ መጣ ማለት ነው!

እሰይ፣ ስልኩን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው። ዚፑንም ዝጊው። አሁን ገና አንጀቴ ራሰ።

አትዙሪ፣ ወደዚህ እያየ ነው። ፊቱ ገረጣ፤ ፀሐዩ ይሆናል። እንግዲህ ልቅሶ ቤት ክፉ አይወራም፣ መርቄው ልነሳና ለእሷ ውሃ ልውሰድላት። ለእድሩ ብሎ እንዲህ የደከመውን ሰው እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጠው። ጋሽ ደሞዝን የወሰደ ሞት በደጁ አይለፍ። ያ ድንኳን ከጀዊ ደርሶ፣ በገዛ እጁ ተክሎት፣ ሁላችንም ከሥሩ እስክንቀመጥ ድረስ አንድ ቀን ሳያጎድል ያኑርልን። … አሜን በይ እንጂ፣ እሙዬ!