የወርቅማው ፊደል ዋጋ

አንድ ባለማተሚያ ቤት ለሴት ልጃቸው የመመዝገቢያ ገንዘብ ሊከፍሉ ወደ ታዋቂው የግል ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ፣ ያችው ልጃቸው ከውስጥ ስትወጣ በሩ ላይ ተገጣጠሙ።

“አንቺ ደግሞ ከየት በቀልሽ?”

“ላጣራ መጥቼ ነው፣ አባባ። ከመክፈልዎ በፊት እስቲ አረፍ ይበሉ።”

ከአጥሩ ጥግ ካለው መቀመጫ ላይ አረፉ። አባት የወረቀት መቁረጫ ማሽናቸውን ከሰዓት በኋላ ለገዢ ሊያስረክቡ ቃል ሰጥተዋል፤ ያለዚያ የዚህን ዩኒቨርሲቲ ክፍያ አይችሉትም። ልጅቷ ይህን ከእናቷ ሰምታ እንቅልፍ አጥታለች።

“የላቦራቶሪ ሙያ በዚህም፣ ከወዲያ ማዶ ባለውም ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል” አለች። “ሁለቱም ፈቃድ አላቸው፤ የሙያ ፈተናውም አንድ ነው። የወዲያኛው ግን ክፍያው የዚህ እኩሌታ ነው።”

“እኮ ለምን ረከሰ? ርካሽ ወረቀት ቀለም እንደሚመጥ እኔን ጠይቂኝ!”

“ታዲያ እርስዎ ወረቀት የሚመርጡት በዋጋው ነው?”

“ምን በወጣኝ! በጣቴ አሸት፣ በብርሃን አየት አድርጌ ነው እንጂ።”

“እኔም ሁለቱን አሸት አሸት አድርጌ መጣሁ። እዚህ ተማሪዎቹ ሆስፒታል የሚሄዱት ለጉብኝት ነው። የወዲያኞቹ የመጨረሻውን ዓመት ሙሉ በሆስፒታል ላቦራቶሪ ናሙና ሲመረምሩ ያሳልፋሉ። ካምና ምሩቃን ብዙዎቹን የቀጠራቸው የተለማመዱበት ሆስፒታል ነው።”

አባት ግን በዋዛ የሚረቱ ሰው አልነበሩም። “ስምስ? ቀጣሪ መጀመሪያ የሚያየው ስም ነው። የዚህን ቤት የምረቃ መጥሪያ ካርድ አይተሻል? ያ ወርቅማ ፊደል! ገና ሲነኩት ክብር ክብር ይላል።”

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት። “አባባ! ወርቁን የሚለብጡት እኮ እርስዎ ነዎት!”

ባለማተሚያው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። በየዓመቱ ካርዱን የሚያትሙት፣ ስለ መለበጫው ዋጋም ከነጋዴ ጋር የሚጨቃጨቁት እርሳቸው ናቸው። ሰው በገዛ እጁ ባስጌጠው ነገር መታለሉ እንግዳ አይደለም፤ ሲነግሩት መሳቅ መቻሉ ግን ትልቅ ጸጋ ነው። እርሳቸውም ሳቁ።

“ቀጣሪስ ቢሆን እርስዎ አይደሉ? የሒሳብ ሠራተኛዋ የት ነው የተማረችው?”

“እኔ እንጃ! የተወሳሰበ ሒሳብ ሰጠኋት፣ አስተካክላ አመጣች፣ ቀጠርኳት። የት ተማርሽም አላልኳት።” ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። “እኔ ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፣ እናቴዋ። ላንቺ እንኳ ከሁሉ የላቀውን ልስጥሽ ብዬ ነው።”

“የላቀውማ ሳይቋረጥ የሚያስጨርሰኝ ነው። የማሽኑ ሽያጭ ሁለት ዓመት ቢያስኬደኝ፣ ሦስተኛውን በምን ይከፍላሉ? ማተሚያ ቤቱስ ለአንድ ካርድ ቁረጣ የሰው ደጅ ይጥና?”

አባት “በዓይኔ ሳላይ ግን አላምንም” ብለው ተነሡ።

ሄደው አዩ። ሕንፃው ቀለሙ የለቀቀ ነበር፤ በላቦራቶሪው ግን እያንዳንዱ ተማሪ በየማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሶ፣ ለእንግዳ ቀና የሚል እንኳ ጠፋ። ባለማተሚያው በሩ ላይ ቆመው ቆዩ። ግማሹን ክፍያ ማሽኑ እየሠራ ከሚያስገባው እንደሚችሉት፣ ለዛሬ ከያዙት ገንዘብ የሚተርፈውም መጽሐፍ እንደሚገዛ፣ ልጅቷም ያለ ሥጋት ተምራ ሙያ ይዛ ልትወጣ እንደምትችል ከልባቸው ተረዱ።

ወዲያው ስልካቸውን አውጥተው ለገዢው ደወሉ።

“ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ፤ ማሽኑ አይሸጥም። የሚያስተምራት ልጅ አለችው።”