መርጫ ሳንይዝ

ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ፣ ከጎኔ ትንሽ ልጅ ያቀፈች ሴት አጠገቧ ከተቀመጡ ሽማግሌ ጋር ታወራለች።

«ባሌ የሚረጨው የአረም መድኃኒት ሰውነታችን ውስጥ ገብቶ እንደሆን እንለካለን ብለው የጤና ባለሙያዎች የቤተሰባችንን ሁሉ ሽንት ወስደው ነበር። ዛሬ ውጤቱን ነገሩን።»

«ባልሽ ላይ ብዙ ተገኘ?»

«እሱ ላይስ ጥቂት ነው፣ አባባ። የበዛው እኔ ላይ ነው።»

«አንቺም ትረጫለሽ?»

«መርጫውን ነክቼው አላውቅም።»

«ልብሱን ማን ያጥባል?»

«እኔ ነኛ፣ በእጄ።»

«እንግዲያው ከዚያ ይሆናላ። ታመሻል አሉሽ?»

«አልታመምሽም፣ ግን ተጠንቀቂ አሉኝ። ካልታመምኩ ከምኑ ነው የምጠነቀቀው?»

«እሱ እኔም አልገባኝም። የልጅቷስ?»

«እሷም ላይ አለ። እኔስ እሺ ልብስ አጠብኩ፤ እሷ ምን አደረገች?»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ልጅቷን አዩ።

«አባቷ ረጭቶ ሲመለስ ማን ይቀበለዋል?»

«እሷ ናት። ድምፁን ስትሰማ ሮጣ እግሩ ላይ ትጠመጠማለች። ታዲያ ይህን ልከልክላት፣ አባባ?»



ባምባሲ እስክንደርስ እናቷ ጭን ላይ የተኛችውን ልጅ መዳፍ ሳይ ቆየሁ።