ጥሩምባ የደገነ ስልክ

መጀመሪያ «ሽሽሽ» የሚል ስስ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ በአዳማ፣ በአንዲት ጠባብ የስልክ ጥገና ሱቅ ውስጥ፣ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ጋሽ አጥናፉ ስልካቸውን በጠጋኙ በምንተስኖት ጆሮ ላይ ለጥፈው ታዩ።

አጥናፉ፦ አሁንስ ሰማህ?

ምንተስኖት፦ ጋሼ፣ ጆሮዬ ውስጥ ሊከቱት ነው እንዴ? ሰማሁ። ሽ ይላል። ምን እንዲል ፈልገው ነበር?

አጥናፉ፦ ምንም እንዳይል ነዋ። ማንም ሳይነካው ከማን ጋር ነው የሚያንሾካሹከው? ጠዋት ባትሪውን መቶ ሞልቼ እወጣለሁ፣ ስድስት ሰዓት ሳይሆን ያልቃል። ትናንት የወይዘሮ ዘነቡን ቀብር ስለፍፍ፣ ላይኛውን ሰፈር ጨርሼ ወደ ታች ስወርድ ድርግም አለብኝ።

ምንተስኖት፦ እና አፍ የለዎትም?

አጥናፉ፦ ጥሩምባ ሳይሰማ ማን በሩን ይከፍታል? ታችኞቹ ሳይሰሙ ቀሩ። ተቀያሪ ተሸካሚ ጠፍቶ ሬሳውን ሁለቴ መንገድ ላይ አሳረፉት። የእድሩ ዳኛ ደግሞ ከእንግዲህ አንድ ቤት ሳይሰማ ቢቀር እሑድ ስብሰባ ላይ ሌላ ለፋፊ እንመርጣለን ብለውኛል።

ምንተስኖት፦ ቆይ እስቲ። ጥሩምባውን በስልክ ነው የሚነፉት?

አጥናፉ፦ የፊት ጥርሴ ከወለቀ ወዲህ ትንፋሼ በጎን ይወጣል። ደህና ሳለሁ የቀዳሁትን በድምፅ ማጉያ አሰማለሁ።

ምንተስኖት፦ ይኸው፣ ተገኘ። ቅጂውን አቆሙት እንጂ አልዘጉትም። ስልኩ «አሁን ያስነፉኛል፣ አሁን ያስነፉኛል» እያለ ስፒከሩን ከፍቶ ይጠብቅዎታል። የሚያንሾካሹከውም፣ ባትሪ የሚበላውም እሱ ነው።

አጥናፉ፦ ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ሰው ሞቶ እኔ ቅጂ ስፈልግ ልገኝ? ጣቴን ማሳረፍ ብቻ ነው።

ምንተስኖት፦ ከመቼ ጀምሮ?

አጥናፉ፦ ከመስከረም።

ምንተስኖት፦ ሰባት ወር ሙሉ ጥሩምባ እንደደገነ! ሰው ቢሆን እስካሁን እሱንም ቀብረነው ነበር። በሉ ዘጋሁት፤ ያዳምጡ።

አጥናፉ፦ ጸጥ አለ። ተባረክ ልጄ።

ምንተስኖት፦ ግን እርስዎስ ምን ያንከራትትዎታል? ቅጂውን ወደ ራሴ ስልክ ልኬዋለሁ። የእድርተኛውን ቁጥር ከጸሐፊው እቀበላለሁ፤ እዚህ ቁጭ ብዬ አንዴ ስጫን ሦስት መቶ ቤት ይደርሳል። እሑድ ለዳኛው አሳያቸዋለሁ።

አጥናፉ፦ የእናትህን ቀብር የለፈፍኩት እኔ ነኝ። ስሟን ስጠራ ሰው ከየበሩ እየወጣ «የቷ?» ይለኛል። «የምንተስኖት እናት፣ ያቺ ሳቂታዋ» እላለሁ። እዚያው እንባ ይቀድመኛል፣ እነሱም ያለቅሳሉ። ያንተ ስልክ የቷ እንደሆነች ምን ብሎ ይነግራቸዋል?

ምንተስኖት፦ ፎቶዋን እንለጥፋለና፣ ጋሼ። እንባው ለምን ያስፈልጋል?... ጋሽ አጥናፉ? ወዴት ነው? ኧረ ስልክዎን ይውሰዱ እንጂ!