ላፕቶፔን የፈወሰው ላጲስ

ላፕቶፔ መብራቱ በርቶ ስክሪኑ ጨልሞ ቀረ። ጠዋት የሚባዛው የተማሪዎቼ ፈተና ደግሞ ውስጡ ነው! ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ወዳለ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ይዤው ሮጥኩ። ባለሙያው አንዲት ብሎን ሳይፈታ፣ "ባርሲሳ፣ ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል። ትተውልኝ ይሂዱ፣ እቀይረዋለሁ" አለኝ። ነቀምቴ ላይ መምህር ሁሉ ባርሲሳ ነው፤ ባርሲሳ ደግሞ ጥያቄውን ሳያነብ የሚመልስ ተማሪ ሲያይ ያውቃል። "አመሰግናለሁ" ብዬ ላፕቶፔን አቅፌ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ በስልኬ ሳነብ፣ ራም የሚባለው ቁራጭ ሲቆሽሽ እንዲህ እንደሚያደርግ፣ አንዳንዴም ነቅሎ በላጲስ ማሸት እንደሚበቃ አገኘሁ። ላጲስ ከኪሴ ጠፍቶ ያውቃል? ባትሪውን ነቀልኩ፣ ራሙን አወጣሁ፣ ወርቅማ ጫፉን የተማሪ ስህተት እንደማጠፋ ቀስ ብዬ አሸሁና ከነባትሪው መልሼ ሰካሁት። ስክሪኑ ቦግ ሲል ብቻዬን ለራሴ አጨበጨብኩ!

ጠዋት ፈተናውን ላባዛ ስሄድ ሆነ ብዬ በጥገና ቤቱ በኩል አለፍኩ። ላፕቶፑን ከፍቼ ሳሳየው ባለሙያው ደነገጠ። "ማን ሠራልዎት?" አለኝ።

ላጲሱን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። "እንካ" አልኩት፣ "የትናንቱን መልስህን አጥፋና እንደገና ሞክር።"