የይርገዱ በረንዳ

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በአንድ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ፣ በወረርሽኙ ወራት፦ ሚስቱ ይርገዱ ከሞተች አርባ ቀን ያልሞላው ግንበኛው ወንድይራድ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ የሕንፃውን ማሻሻያ ንድፍ ከሠራችው አርክቴክት ከቤዛዊት ጋር ይነጋገራል።

ወንድይራድ፦ አይፈርስም አልኩሽ እኮ! ስንት ጊዜ ልናገር?

ቤዛዊት፦ ጋሼ፣ ንድፉን እንኳ አላዩትም።

ወንድይራድ፦ ምኑን አየዋለሁ? የእኔን ግንብ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘሽ ነው ያመጣሽው። አርባ ዓመት ገንብቻለሁ፤ ቀይ መስመር ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋኝም። ደግሞ ማስክሽን ከፍ አድርጊው፤ አገጭ አያስነጥስም።

ቤዛዊት፦ እሺ፣ ይኸው። ጋሼ፣ በረንዳው የእርስዎና የጎረቤትዎ የእትዬ ዘነቡ የጋራ ነው። የሁለታችሁም መኝታ ቤት መስኮት የሚከፈተው ወደዚያ ብቻ ነው። በብሎኬት ሲደፈን ሁለቱም ክፍሎች አየር አጡ።

ወንድይራድ፦ ዘነቡ ያኔ መርቃኛለች። «እጅህ ይባረክ፣ ከብርድ ገላገልከን» ነው ያለችኝ። ሂጂ ጠይቂያት።

ቤዛዊት፦ ከእሳቸው ጋር ተነጋግሬ ነው የመጣሁት። ከእሑድ ጀምሮ ያስላቸዋል።

ወንድይራድ፦ ጉንፋን ይሆናል።

ቤዛዊት፦ ተመርምረዋል፤ ጉንፋን አይደለም። አልጋ ስለሌለ እቤትዎ ይተኙ ተብለዋል።

ወንድይራድ፦ ታዲያ የመኝታ ቤቱን በር ትክፈተዋ!

ቤዛዊት፦ ሳሎኑ ውስጥ ልጃቸው ከነጨቅላዋ ተኝታለች፤ አራስ ናት። በሩ ከተከፈተ ትንፋሻቸው ወደ እሷ ነው የሚሄደው። እኔ ብዙ አልጠየቅኩም። በረንዳው ይከፈት፣ ደረጃው አጠገብ እጅ መታጠቢያ ይኑር፣ የታመመ ሰው የሚተኛበት ክፍል ደግሞ ወደ ውጭ የሚከፈት መስኮት ይኑረው። የፎቁ ሰው ሁሉ ፈርሟል።

ወንድይራድ፦ እነሱ ምን ቸገራቸው! ያን ግንብ ለማን እንደሠራሁት ታውቂያለሽ? ለይርገዱ። ብርዱ ወገቧን ይዟት ነበር። ሦስት እሑድ ፈጀብኝ። ብሎኬቱን የምታቀብለኝ እሷ ነበረች፤ እያቀበለች «ጠማማ ነው» ትለኛለች። ቱንቢ ይዛ አታውቅም እኮ!

ቤዛዊት፦ ጠማማ ነበር እንዴ?

ወንድይራድ፦ ትንሽ። ለእሷ ግን አላመንኩላትም።

ቤዛዊት፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እትዬ ይርገዱ ግንቡ ውስጥ የሉም።

ወንድይራድ፦ አንቺ የተማርሽ ነሽ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትዋሺኝ። ክፍት ቢሆን ኖሮ ትተርፍ ነበር?

ቤዛዊት፦ አላውቅም።

ወንድይራድ፦ ሐኪሙም እንዲሁ ነው ያለኝ።

ቤዛዊት፦ እውነቴን ነው፣ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ግን… ትንሽ ይቀላቸው ነበር።

ወንድይራድ፦ የመስኮቱን ስንጥቅ ሳይቀር በጨርቅ ጠቅጥቄዋለሁ። ብርድ እንዳይመታት ብዬ። ብርድ!

ቤዛዊት፦ ሁላችንም ያደግነው እንደዚያ ነው። የእኔ አባት ዛሬም ድረስ ታክሲ ውስጥ መስኮት አያስከፍትም።

ወንድይራድ፦ አታባብዪኝ። በታመመች በሦስተኛው ቀን ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? «ወንድዬ፣ አንዷን ብሎኬት ብቻ አንሣልኝ» አለችኝ። «ሲሻልሽ» አልኳት።

ቤዛዊት፦ ጋሼ…

ወንድይራድ፦ ለልጆቼ እንኳ አልነገርኩም። ለምን እንደማላፈርሰው አሁን ገባሽ? መዶሻ ካነሣሁ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ አየዋለሁ።

ቤዛዊት፦ እርስዎ አይንኩት። ሠራተኞቹ ሰኞ ይመጣሉ። የዚያን ቀን ልጅዎ ቤት ይዋሉ፤ ሲያፈርሱት አያዩም።

ወንድይራድ፦ ሰኞ? ዛሬ ሐሙስ አይደለም እንዴ?

ቤዛዊት፦ ሐሙስ ነው።

ወንድይራድ፦ ሂጂና ዘነቡን አልጋዋን ከመስኮቱ ራቅ ታድርግ በያት። አሁን አቧራ ይገባባታል።