ሁለተኛው ትንፋሽ

ጆሯችሁን ለጥቂት ደቂቃ አውሱኝ፤ ሰምታችሁ ጊዜያችን ባከነ አትሉም።

ዴልፍስሃቨን በሚባለው ሰፈራችን ወዳለው የጎረቤቴ የጋሽ ተስፋይ ቤት አንድ የድሮ ብሉዝ ሸክላ ይዤ ሄድኩ። ጋሽ ተስፋይ ዓይነ ስውር ናቸው። ልጃቸው ሰላምም ነበረች። ሸክላውን ከፍቼ እንደ ልማዴ ማስረዳት ጀመርኩ፤ «ዘፋኙ እንደ እርስዎ ዓይነ ስውር ነበር። መንገድ ዳር ጊታር እየመታ ኖረ፤ ይህንን ዘፈን አንድ ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ቀረጸ። መቃብሩ እንኳ አይታወቅም፤ ስንቱ ጊታሪስት ግን ከእሱ ጣቶች ተማረ!»

«ብቻውን አይደለም» አሉ ጋሽ ተስፋይ። «አጠገቡ ሌላ ሰው ይተነፍሳል።»

«አውራ ጣቱ ነው ጋሼ፤ ወፍራሙን ክር ለብቻው ስለሚመታ ሁለት ሰው ይመስላል።»

«ጣትና ትንፋሽ መለየት ያቅተኛል እንዴ?»

ሰላም ጣልቃ ገባች። «አባዬ፣ ባለፈው በር ተንኳኳ አልክ፤ ማንም አልነበረም። ዛሬ ደግሞ ይሄ! ነገ ለሃውስአርትስህ፣ ለቤተሰብ ሐኪምህ እደውላለሁ፣ ይመርምርህ። ከእንግዲህ ብቻህን መኖር አትችልም፤ አረጋውያን ቤት ነው የሚሻልህ።»

የሽማግሌው ፊት ጠቆረ። እኔም ለዚህ ሁሉ ምክንያት ሆንኩ ብዬ ጨነቀኝና ማዳመጫ ሰክቼ መጨረሻውን ደገምኩት። ጊታሩ ቆመ። ዘፋኙ በረጅሙ ተነፈሰ። ከጎኑ ደግሞ ሌላ ትንፋሽ መጣ፤ ቀስ ያለ፣ ጆሮዬ ሥር ያለ የሚመስል። ማዳመጫውን ለሰላም ሰጠኋት። ከንፈሯ ነጣ።

«መርፌውን አንሳው!» አለችኝ።

«አንስቼዋለሁ እኮ» አልኳት።

ጋሽ ተስፋይ ፈገግ አሉ። «እንግዲህ ሰላምዬ፣ ነገ ስትደውዪ ለራስሽም ቀጠሮ ያዢ።»

የድሮ ሸክላ ያላችሁ ዛሬውኑ ሞክሩት። ዘፈኑን ተዉት፤ ሲያልቅ ያለውን ዝምታ አዳምጡ። ብቻችሁን ሁኑ ታዲያ፤ አለዚያ ትንፋሹ የማን እንደሆነ አትለዩም።